በሦስተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ላይ ስለ ተንጠለጠለው ጓጉንቸር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለሁለቱም ኩላሊቶችዎ ሰላም ከልብ እመኛለሁ። እኔ የብረት በር በያጅ ነኝ፤ እናቴ በካንሰር ክፍልዎ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተኝታለች። ይህን የምጽፈው ለተደረገልን ሁሉ በአደባባይ ለማመስገን ነው።

1. ለጉብኝት የሚመጡ እንግዶች ንጹሕ ሆኖ እንዲያገኙት ተብሎ የፎቁ መጸዳጃ ቤት በመቆለፉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጓጉንቸሩን በሙያዬ መርምሬዋለሁ፤ እንኳን በሽተኛ፣ ሌባም አይከፍተውም። እንግዶቹ እስካሁን ብቅ አላሉም፤ ሲመጡ ግን እንደማያሳፍረን አልጠራጠርም።

2. የምትወስደው የካንሰር መድኃኒት ኩላሊት ስለሚጎዳ ሐኪሟ ውኃ በብዛት እንድትጠጣ አዘዋት ነበር። እናቴ ግን ከጠጣች መሽናቷ እንደማይቀር፣ ለመሽናትም በወንድ ልጇ ጀርባ ታዝላ ደረጃውን ሁሉ እስከ ምድር ቤት መውረድ እንዳለባት አሰበች። እኔን ማስቸገር ከበዳት፤ አፈረችም። ብርጭቆውን ከንፈሯ ላይ አስነክታ "ጠገብኩ፣ የኔ ጌታ" እያለች ትመልስልኝ ነበር።

3. ማስታወኩም ተጨምሮበት ኩላሊቶቿ በድንገት ሥራ አቆሙ። እግሯ ሲያብጥ ነርሷን "ሽንቷን የሚከታተል የለም እንዴ?" ብዬ ብጠይቃት፣ "ወንድሜ፣ ሽንት ቤቱ እታች ነው፤ እኛ በምን ዓይናችን እናየዋለን?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልተቀየምኳትም።

4. ኩላሊቶቿ እስኪያገግሙ የካንሰር መድኃኒቷ ቆሟል። ዕጢው ግን አልቆመም፤ አንገቷ ሥር ስዳስሰው ማደጉ ይታወቀኛል። ኩላሊቶቿ ይመለሱ አይመለሱ ሐኪሟም አያውቁም። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ።

አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ወጣት አስተማሪ ገብታለች። መድኃኒቱን ጀምራለች፤ ትናንትም ብርጭቆዋን ወደ ጎን ስትገፋ አይቻለሁ። ስለዚህ በሩ ይከፈትልን ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፤ መክፈቻው ጠፍቶ እንደሆነም ጓጉንቸሩን በነጻ ቆርጬ ለመጣል ዝግጁ ነኝ።

ለክቡርነትዎ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳ፣
እናቱን አዝሎ ደረጃ ለመውረድ ምንጊዜም ጀርባው ያልቦዘነ፣
በያጁ

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ይህን ደብዳቤ እንዳልልክ ለምናኛለች። "ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ለእኔ ሽንት ብለህ አታስቸግራቸው" ብላኛለች።