የመጨረሻው ገጽ

ደባርቅ፣ ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን

ቁራሌው በኪሎ የሸጠልኝን አሮጌ ልብ ወለድ ገጽ በገጽ እየቀደድኩ ቅመም እጠቀልልበታለሁ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን አስቀድሜ አነበዋለሁ። ጡረተኛው መምህር አያሌው የመጽሐፉ ታሪክ ስለያዛቸው በየቀኑ እየመጡ ትንሽ ቅመም ይገዛሉ፤ የሚፈልጉት መጠቅለያውን ነው። ከቤቷ የኮበለለችው ልጅ ወደ አባቷ ትመለስ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። የራሳቸው ልጅ ከሄደች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልደወለችላቸውም።

ባለፈው ሳምንት በገበያተኛ ፊት ማስታወቂያዬን በከዘራቸው እየነካኩ፣ «ሰናፍጭ በንጉሡ ሠ አይጻፍም፤ በእሳቱ ነው! አንተ ፊደል ሳትቆጥር ነው እንዴ ሱቅ የከፈትከው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ዛሬ ገና ከበሩ ሳይገቡ፣ «የመጨረሻው ገጽ ደረሰ?» አሉ።

«ጠዋት ጨው ጠቅልዬበት ጃናሞራ ሄደ፣ መምህር።»

ከዘራቸው ወደቀ። አላነሳሁላቸውም።

«አንተ አንብበኸዋል አይደል? ልጅቷ ተመለሰች? እሷን ብቻ ንገረኝ፣ በሞቴ!»

«ንጉሡን ሠ ከእሳቱ የማይለይ ሰው ምን ያነባል ብለው ነው?»

 ከዘራቸውን ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሱና ምንም ሳይገዙ ወጡ።

ገጹ እዚህ ደብተር ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ልጅቷ ተመልሳለች፤ አባቷም በር ላይ ቆሞ ተቀብሏታል። ደስ የሚል መጨረሻ ነው። ሰኞ ለሌላ ሰው ሚጥሚጣ እጠቀልልበታለሁ።