ያላለቀው የወልደኢየሱስ ስግደት

ለውድ እኅቴ ለአመተ ሥላሴ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እንደምን ሰንብተሻል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ዓይንሽስ ተሻለው? እኔ ከዳሌዬ በቀር፣ ስሙ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

«ወልደኢየሱስ ታክሞ መጣ ብለህ ጽፈህ፣ ከዚያ ወዲህ ምነው ስሙን አላነሣህም?» ብለሻል። አፍሬ ነው፣ እታለም። ለነፍስ አባቴ የተናዘዝኩትን ላንቺ ብሸሽግ ምን ይረባኛል።

የኔም የጓደኛዬ የወልደኢየሱስም ዳሌ አብሮ እንደታመመ ታውቂያለሽ። የሱ ልጅ ሁለታችንንም አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመረን። ሐኪሙ እሱን «የእርስዎ በጠባቡ ተከፍቶ ይሠራል» አለው። እኔን ግን «የእርስዎ አጥንት ክፉኛ ተበልቷል፤ በሰፊው መከፈት አለበት፤ ያን ደግሞ ልብዎ አይችለውም» ብሎ መለሰኝ።

ለእሱ ስንዝር በማይሞላ ቁስል፣ ጡንቻውን ሳይቆርጡ ገለጥ አድርገው፣ የተበላውን አውጥተው ብረት ተኩለት። በማግስቱ ተደግፎ ቆመ። በሁለት ወሩ ያለ ከዘራ ገበያ ወጣ፤ ሚስቱ ክንዱን ይዛ። ሰዉ «ወልዴ ጎረመሰ!» ይላል። እኔን የሚይዘኝ ግድግዳ ነው። ባለቤቴ ይመኙሽ ከሞተችብኝ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሆዴ አላረረም። በአፌ ግን «ተመስገን» አልኩ።

ስቅለት ዕለት እኔ በዚያ ዳሌዬ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ስሰግድ፣ እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ «ለጊዜው በጣም እንዳያጎነብሱ» ሲለው አጠገቡ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እያወቅሁ፣ ሰው እየሰማ፣ «ብረቱ ለገበያ ነው እንጂ ለጌታ አይጎነብስም?» አልኩት። ነጠላውን አደግድጎ ተነሣና መስገድ ጀመረ። በመጀመሪያው ስግደት «ይበቃሃል» ማለት እችል ነበር፤ ዝም ብዬ ቆጠርኩ። በአራተኛው ዳሌው ቀጭ ሲል እኔም ሰማሁት።

ጎንደር ወስደው፣ አደንዝዘው፣ እንደገና ሳይከፍቱት የወለቀውን ጎትተው ወደ ቦታው መለሱለት። እግዚአብሔር አተረፈኝ፤ እሱን ብቻ አይደለም።

ነፍስ አባቴ «እሱ ያልጨረሰውን አንተ ትሰግድለታለህ፤ በቀን አሥራ ሁለት፣ እደጁ ሄደህ» አሉኝ። በበዓለ ሃምሳ ስግደት ስለሌለ፣ የሐዋርያት ጾም በገባበት ሰኞ ጀመርኩ። እሱ ደጁ ተቀምጦ በመቁጠሪያው ይቆጥራል። «ይኽ አልሞላም! ግንባርህ መሬት አልነካም፤ ድገም!» ይለኛል፤ ሚስቱ ከውስጥ ትስቃለች።

ትናንት አሥራ ሁለተኛው ላይ መነሣት አቃተኝ። ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋና «ና፣ አንተ ምቀኛ» አለኝ። ይዞ አነሣኝ። አልዋሽሽም፣ እታለም፤ ሲያነሣኝ ያን እግሩን እንደ ምሰሶ ተክሎ ባየው፣ ደግሞ ቀናሁ። ነገ ለዚያች ቅናቴም አሥራ ሦስተኛ እሰግዳለሁ።

ባለቤትሽን አቶ ምንዳዬን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ትዕግስትን በሁለት ጉንጮቿ ሳሚልኝ። አበቡ ፈተናዋን እንደ ምን አደረገች? ወልደኢየሱስም «ወንድምሽ ቁጥር ያጭበረብራል» ብሎሻል።

ወንድምሽ ውዱ
አምባ ጊዮርጊስ፣ ሰኔ 1 ቀን 2009 ዓ.ም.