ሳይዘጋ የቀረው የጽናት ታዲዮስ ስም

ቀን፦ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀይ አፋፍ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ዲን ጽ/ቤት
ሞላሌ

ጉዳዩ፦ በሠልጣኝ ጽናት ታዲዮስ ላይ የተሰጠው የስንብት ውሳኔ እንዲነሣና እኔም ለኮሚቴው የሰጠሁትን የሐሰት ቃል እንዳርም ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ገብረየሱስ ወንዳፈራሁ በኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ጠባቂ ሆኜ አሥራ አራት ዓመት አገልግያለሁ። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በልጅቱ ላይ ስላረፈ ነው።

1. ረቡዕ ሰኔ 18 የፈተና ወረቀት በኮሌጁ ኢንተርኔት ወደ ውጭ ሲላክ፣ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች መግቢያና መውጫ በሚሰፍርበት መዝገብ ላይ ክፍት ሆኖ የተገኘው የጽናት ስም ብቻ ነው ተብሎ ተሰናበተች። መዝገቡ ማክሰኞ ገብታ እስከ ሐሙስ ጠዋት አልወጣችም ይላል።

2. ማክሰኞ የኢንተርኔት ማከፋፈያውን ሶኬት የነቀልኩት መብረቅ ፈርቼ ነው ብዬ ለኮሚቴው ቃል ሰጥቻለሁ። ለግል ጉዳይ ነቀለው እንዳልባል ዋሽቻለሁ፤ ያን ዕለት ጠብታም አልወረደ። ከቤተሰቧ አገር ከቀየት ተደውሎ የማኅበር ወንድሜ አቶ ታዲዮስ፣ የጽናት አባት፣ ማረፋቸው ተነገረኝ። ስልኳ እንደ ደንቡ እኔ ዘንድ ነበር፤ እሷ ግን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች። በአገራችን መርዶ ሲነጋጋ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ያረዳል እንጂ ፌስቡክ ላይ አይነበብም። ስለዚህ ነቀልኩት። አባቷን ትንሽ አሟቸዋል ብዬ ሊወስዳት ከመጣው አጎቷ ጋር ላክኋት።

3. የኔትወርክ ባለሙያው አቶ መሳፍንት እንዳስረዱኝ፣ ሰው ሲወጣ ማከፋፈያው መውጣቱን ለመዝገቡ ይልካል። እኔ ስነቅለው የጽናት መውጣት ሳይላክ ቀረ። ረቡዕ ጠዋት መልሰው ሲሰኩት ደግሞ መዝገብ የሚጽፈው ማሽን ቆሞ ስለነበር፣ ያን ቀን የገቡት ሰዎች ስም አልሰፈረም። የሌለችው ተጽፋ የነበሩት ጠፉ።

4. ማስረጃው እዚያው መዝገብ ውስጥ አለ። ሰው እስካለ ድረስ ማከፋፈያው በየአሥር ደቂቃው መኖሩን ያሳውቃል። በጽናት ስም የመጨረሻው መልእክት የደረሰው ማክሰኞ ከቀኑ 8፡40 ነው፤ ከዚያ ወዲህ፣ ማሽኑ ረቡዕ ጠዋት ከመቆሙ በፊት እንኳ፣ አንድም የለም። ኮሚቴው መግቢያና መውጫውን አየ እንጂ መካከሉን አላየም። ረቡዕ በስድስት ሰዓት ቀየት ላይ የአባቷ አስከሬን ሲወርድ ክንዷን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የማጠቃለያ ፈተናው ግን ሐምሌ 3 ነው፣ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ስለዚህ መዝገቡ በባለሙያ ታይቶ ውሳኔው እንዲነሣላትና ለፈተናው እንድትቀመጥ እለምናለሁ። ለወደፊቱም መኖሩ መታወቁ የተቋረጠ ስም በራሱ እንዲዘጋ፣ ያልደረሰ መልእክትም እስኪደርስ ተደጋግሞ እንዲላክ ይደረግ። ለእኔ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ።

እናቷ ወ/ሮ ጌታነሽ የልጃቸውን መባረር እስከ ዛሬ አልሰሙም። ቤተ ዘመዱ እንድነግራቸው የመረጠው እኔን ነው። አንዱን መርዶ ደብቄ ልጅቱን ለዚህ አበቃኋት፤ ሁለተኛውን ለእናቷ ከማርዳት ያድኑኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ገብረየሱስ ወንዳፈራሁ
(ፊርማ)