ከእግዚአብሔር ጋር ይሉኝታ

ሰኞ፣ ጠዋት

ሴንቴኒያል ሰፈር ካለው የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት የሌሊት ሽፍቴን ጨርሼ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ አንተን አወጣሁ፣ ማስታወሻ ደብተሬ። የልጄ የሳሮን አንገት ላይ ያለው እብጠት አልጠፋም። ዶ/ሯ ሐሙስ ናሙና ቆርጣ ልትወስድ ነው። ልጅቷ ኮሌጅ ከጀመረች ገና ወሯ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ጸሎት ቆምኩ። እንደ ልማዴ ለጎረቤት፣ ለታመመ፣ ለአገር። የሳሮን ተራ ሲደርስ፣ ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ ብቻ ብዬ አማተብኩ። ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ከሥራ በፊት

የሳሮንን ክርስትና ስም ላገኘሁት ሰው ሁሉ አደልኩ። ግሌንዴል ሰፈር ላሉት የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች፣ ለአክስቴ ልጅ፣ በጸሎት አስቧት እያልኩ። ለንስሐ አባቴም ደወልኩ። እንደሚያስቧት ነገሩኝና አንቺስ ምን ብለሽ ለመንሽ አሉኝ። አንተ ታውቃለህ አልኩት አልኳቸው። እሱማ ያውቃል፣ ካንቺ አፍ ይስማው እንጂ አሉ።

ተናደድኩ። ጤና ሰጥቶኝ፣ እንጀራ ሰጥቶኝ፣ ደግሞ ጨምርልኝ ልበለው? አያሳፍርም?

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ከሳሮን ጋር ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ቤት ጎራ አልን። የጾም ምሳ አቀረቡ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር፤ ግን በልቻለሁ አልኩ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን ብለው እስኪያጎርሱኝ ድረስ። ከዚያማ ሳህኑን ጠረግኩት።

መኪና ውስጥ ሳሮን ሳቀችብኝ። "ማሚ፣ ስታርቪንግ፣ በጣም ርቦሽ ነበር እኮ! ከእግዚአብሔር ጋርም እንደዚህ ነሽ? ጀስት አስክ ሂም፣ በቃ ለምኚው!"

አብሬ ሳቅኩ። ፓርክ አድርጌ፣ እሷ ስትገባ፣ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እውነቷን ነው። እግ/ር በሞቴ እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነው። ይሉኝታ ብቻም አይደለም። በግልጽ ለምኜው እምቢ ቢለኝስ?

ሐሙስ፣ ሆ/ል፣ መጠበቂያ ክፍል

ሳሮን ለምርመራው ልትገባ ስትል እጄን ያዘች። እጇ በረዶ። ጸልዪልኝ አለችኝ፣ እየሰማሁሽ። ነርሷ አጠገባችን ቆማለች። አፈርኩ።

ጌታ ሆይ አልኩ፣ ይቺን ልጅ ተውልኝ። ማርልኝ። እኔ እናቷ ነኝ የምለምንህ። አንተ ታውቃለህ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ሳሮን አሜን አለች። አልጋውን እየገፉ ወሰዷት።

ውጤቱ የሚደርሰው ሰኞ ነው አሉ። እስከዚያ ዝም አልለውም። ማታም ጠዋትም፣ ቤ/ክም መኪና ውስጥም፣ ስሟን ጠርቼ እለምነዋለሁ። ከእንግዲህ በልቻለሁ አልለውም፤ አልበላሁም እለዋለሁ። ርቦኛል።