ማሪንዳ ትሪብል ሚስት ስላለመሆኗ

ለክቡር ሚስተር ሎውደን ፕሩዊት
የሃርገት ፎርድ የጦርነት መታሰቢያ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሃርገት ፎርድ፣ ኬንተኪ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን ጉልበትዎ ተሽሎት፣ ባለቤትዎንም በደኅና ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ባሌ ሮስኮ ከተቀበረ አሥራ አራት ወር ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ አፌ ራሱ «ደኅና ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሚገባዎትን ያህል ቁጣ ቢያጡ እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። ፈልጌ አጥቼው ነው።

በመጋቢት የላኩልኝ ማሳሰቢያ በክብር ደርሶኛል። በግንቦት መጨረሻ እሑድ፣ ለእርስ በርስ ጦርነቱ ሙታን በሚደረገው መታሰቢያ ላይ፣ ጥቁር ለብሰንና ዓይነ ርግብ አጥልቀን መበለቶቻቸውን ሆነን የምንቆም ዘጠኝ ሴቶች፣ እያንዳንዳችን የምንወክላት ሴት በሕግ ያገባች መሆኗን የሚያስረዳ የጋብቻ ምስክር ወረቀት እንድናቀርብ ያዛል። ያላቀረበች ከሰልፉ ትወጣለች። «ለታሪክ ታማኝነት ሲባል» ይላል። ስምንቱ አቅርበዋል፤ ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ።

እንደሚያውቁት አሥራ አንድ ዓመት ማሪንዳ ትሪብልን ሆኜ ቆሜያለሁ። ማሪንዳ የቅድመ አያቴ እናት ናት። የወታደር ሳምፕሰን ትሪብል ስም ሲጠራ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት እሄዳለሁ፣ የጥድ ቅርንጫፍ ድንጋዩ ላይ አኖራለሁ፣ «ባሌ ነው» እላለሁ፣ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። ሥራው ይኸው ነው። ዘንድሮ ግን ስሙ ሲጠራ «ባሌ ነው» የሚል አይኖርም ማለት ስለሆነ፣ የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ወረቀቱን ፍለጋ በፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ። ማሪንዳና ሳምፕሰን የተጋቡት በበቆሎ ጎተራ ውስጥ ነው፤ ያጋባቸው ሰባኪ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ሁለቱም የሰው ንብረት ስለነበሩ ፍርድ ቤቱ የእነሱን ዓይነት ጋብቻ አይመዘግብም ነበር። ይህን ኮሚቴው አያውቅም ማለት ድፍረት ስለሚሆንብኝ፣ ያውቃል ብዬ ተነሥቻለሁ። ያም ሆኖ ባዶ እጄን አልወጣሁም። የማሪንዳ ስም የሰፈረበት አንድ ወረቀት አግኝቻለሁ፤ የውርስ ንብረት ዝርዝር ሲሆን፣ እሷ በአንድ የሽመና ዕቃና በሁለት አልጋዎች መካከል ተጽፋለች። ማኅተም ያለው ወረቀት እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅጂውን አያይዣለሁ።

፪. ከጦርነቱ በኋላ ማሪንዳ የመበለት ጡረታ ስታመለክት፣ አንድ የመንግሥት መርማሪ እዚሁ ድረስ በፈረስ መጥቶ፣ ሚስቱ መሆን አለመሆኗን ሰው እየጠየቀ መዝግቧል። ፊቢ የምትባል ልብስ አጣቢ የሰጠችውን ቃል ላስነብብዎ፦ «ሚስቱ ነበረች ወይ ነው የምትለኝ? ታዲያ ሸሚዙን ማን ሲጥፍለት የኖረ መሰለህ፣ አንተ ነህ? መርዶው የመጣ ለት የማጥበውን ጥዬ የያዝኳት እኔ ነኝ። በል ጻፈው!» ሰውየው ጻፈው፤ የጡረታ መሥሪያ ቤቱም አምኖ ለማሪንዳ ጡረታዋን ሰጣት። እኔ ይህንኑ መዝገብ ሙሉውን ለኮሚቴው ባቀርብ «የሰው ቃል እንጂ ሰነድ አይደለም» ተብሎ ተመለሰልኝ። በዚያ ዘመን ለማንም እጁ የማይፈታውን መሥሪያ ቤት ዛሬ ቸር ስላስመሰላችሁት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

፫. በሰልፉ ከጎኔ የምትቆመው ሚስስ ኮርዴሊያ ፊፕስ የምትወክላት ሴት ወረቀት አላት፤ አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ባልየው ግን ጦርነቱ ሳይጀመር ጥሏት ከሌላ ሴት ጋር ወንዙን ተሻግሮ ነበር። ሚስስ ፊፕስ ራሷ እየሳቀች «የኔው ጉድ እኮ ወረቀቷን ብቻ ነው ትቶልኝ የሄደው!» ብላኛለች። ወረቀቱ ንጹሕ ስለሆነ በዕለቱ ታለቅስለታለች። ጥሩ አልቃሽ ናት፤ በእሷ ቅር አይለኝም።

፬. ሳምፕሰን ሲዘምት ማሪንዳ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የተወለደችው ልጅ ቅድመ አያቴ ናት። ማሪንዳ ሚስት ካልነበረች እኛ ምን እንደምንባል ኮሚቴው በጽሑፍ ቢያሳውቀን መልካም ነው። ቤተሰቡ በየዓመቱ በሐምሌ ስለሚሰበሰብ፣ ከምሳ በፊት አነብላቸዋለሁ።

፭. «ስም የሌላት ሐዘንተኛ» ሆኜ በሰልፉ ጫፍ እንድቆም፣ ያም ካልተመቸኝ ለእንግዶች ሎሚናት እንዳድል ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። የባሌ እህት ቨርኒስ ይህን የጻፉልኝን ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችውና «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሰምተሽ ዝም? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ሮስኮ ቢኖር ይሄኔ በራቸውን ገንጥሎት ነበር። ተቆጪ እንጂ፣ ምን ይዘጋሻል!» አለችኝ። ቁጣው ይመጣ እንደሆን ጥቂት ጠበቅሁ። አልመጣም። የዓይነ ርግቡን ጠርዝ መስፋቴን ቀጠልኩ።

በሮስኮ ቀብር ላይ እንባ አልወጣኝም። ዘመድ አየኝ፣ እኔም ራሴን ታዘብኩ፣ እንባው ግን አልወጣም። ባለፈው ግንቦት ጥዱን አኑሬ «ባሌ ነው» ስል ነው ድምፄ የተሰበረው፤ ሕዝቡ ትወናዬ መስሎት አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ የትም ቦታ አላለቀስኩም። የወሰዱብኝ ቦታ ያ ነው። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ ለታሪክ ታማኝነት ሲባል ነው።

በዕለቱ ጥቁር ልብሴን ለብሼ ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ መንገዱ ዳር እቆማለሁ። የሳምፕሰን ስም ሲጠራ ከዚያው ሆኜ እመልሳለሁ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለነዳሁ ድምፄ ሩቅ ይሰማል።

ለኮሚቴው ጥንቃቄ፣ ለወረቀቶቻችሁ ደኅንነትና ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ ዘወትር የምትጸልይ፣ ትውልዷ በሰነድ ያልተረጋገጠ ታዛዥዎ፣

ኦዜላ ጌይንስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው የመርማሪውን መዝገብ ሁለተኛው ገጽ ላይ ማንበብ ያቆመ ይመስለኛል። ስድስተኛው ገጽ ላይ የማሪንዳ ጌታ የነበሩት ሰው የሰጡት ቃል አለ፦ «ሚስቱ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ዘንድ እንዲያድር የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ብዋሽ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ።» ሌሎቹ ምስክሮች መጻፍ ስለማይችሉ በስማቸው ፋንታ የመስቀል ምልክት አድርገዋል፤ እሳቸው ግን በሚያምር እጅ ጽሑፍ «ሎውደን ፕሩዊት» ብለው ፈርመዋል። የቅድመ አያትዎ አባት ናቸው፤ በስብሰባ አዳራሹ ከወንበርዎ በላይ የተሰቀለው ምስል የእሳቸው ነው። ኮሚቴው ቃላቸውን እንዳላመነ እኔ ልነግራቸው ስለማልደፍር፣ ስማቸውን የወረሱት እርስዎ ቢነግሩልኝ።