ባዶ ነው ስለተባለው ቤታችን ለክቡር የቦርድ ሰብሳቢ

ይድረስ ለክቡር አቶ ራንዳል ፕሩዊት፣ የሄዘል ፎርክ ወረዳ የመሬት አጠቃቀም ቦርድ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንዴት ነው? ከቢሮዎ እስከ እኛ ግቢ አሥራ ሁለት ማይል ቢሆንም ቤታችን ውስጥ ሰው አለመኖሩን ከወንበርዎ ሳይነሱ ማየት ስለቻሉ፣ እንዲህ ያለውን ዓይን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ኦፓል ሃስኪንስ እባላለሁ። ቤታችን ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ በጭነት መኪና ተጎትቶ ሐይቁ ዳር ካረፈ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ባለቤቴ ዴልበርት መጋቢት ላይ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ስላለው ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እኔም ከአጠገቡ አልተለየሁም። በነቃ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ “ኦፓል፣ መቼ ነው ቤቴ የምትወስጂኝ?”

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰን እዚያው ነው። ቦርዱ ፋብሪካ የሠራቸውን ቤቶች ከሐይቁ ዙሪያ ስለከለከለ፣ ቀድሞ የነበረ ቤት መቆየት የሚችለው ሰው እስከኖረበት ብቻ መሆኑን፣ መቶ ሰማንያ ቀን በተከታታይ ባዶ ከሆነ ግን ተነሥቶ ሌላ እንደማይተካበት ገልጸው፣ አርባ አንድ ቀን እንደቀረን በትሕትና አስታውቀውናል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቆጠራዎ ጥራት። በቀን መቁጠሪያ ባመሳክረው የጀመሩት ልክ አምቡላንሱ ዴልበርትን ከወሰደበት ዕለት ነው። እኛ ለቦርዱ አልተናገርንም። ማንንም አልጠረጠርኩም፤ ግን ባሌ በቃሬዛ ሲጫን መንገድ ዳር ቆሞ ቀን የመዘገበው ሰው፣ ምናለ በሩን እንኳ ቢይዝልን ኖሮ?

ሁለተኛ፣ ስለ ተቆጣጣሪዎ አቶ ቨርነን ትጋት። የመብራት ቆጣሪያችንን ለማንበብ የባቄላ መደቤን ረግጠው አልፈዋል። ጎረቤታችን ሎኒ፣ ፊታቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው ስላገኛቸው “ምን ጠፍቶህ ነው ቨርነን?” ቢላቸው “ውስጥ ሰው አለ እንዴ?” አሉት። “ውስጥስ እንጃ፣ መስኮቱ ላይ ግን አንድ ሌባ የሚመስል ሰው አለ” አላቸው። ይህን በሪፖርታቸው ያስገቡት አይመስለኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ አማችዎ። ከበላያችን ባለው ኮረብታ ላይ የሚሠሯቸው የበጋ ቤቶች ያምራሉ፤ በእነሱና በውሃው መካከል የቀረው የእኛ ቤት ብቻ መሆኑ እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ነው። ቀያሾቻቸው አጥራችን ውስጥ ገብተው ካስማ የተከሉትም መንገድ ጠፍቷቸው ነው። አራቱንም ጊዜ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ፈርቼ ነበር። ቀጥሎ ግን ተናደድኩና ደንቡን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። “ሰው ይኑርበት” ይላል እንጂ ሰውየው ዴልበርት ይሁን ኦፓል አይልም። በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሲታመም ምግብ የሚያደርስ ሁሉ ቀኑን የሚመዘግብበት ወረቀት በር ላይ ይለጠፋል፤ ዘንድሮ የተለጠፈው ግን በየተራ እኛ ቤት ለመኖር ነው። መጀመሪያ ሎኒ ከነውሻው ገባ፤ ጥሩ ኩባያዬን ሰበረብኝ። ቀጥለው የታኬት እህትማማቾች መጡና በቴሌቪዥኑ ተኳርፈው፣ ማን ቀድሞ ይውጣ በሚል እልክ አንድ ሳምንት ጨመሩ። ምድጃው ይነድዳል፣ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል። ዴልበርት ደግሞ በምርኩዝ አሥራ አንድ እርምጃ መሄድ ጀምሯል፤ ከበረንዳችን እስከ አልጋው አሥራ ዘጠኝ ነው። ስምንት ይቀረዋል፣ በየቀኑም ይለማመዳል።

ሥራ በዝቶብዎ ሳለ ለእኛ ጎጆ ስላደረጉት የማይገባን ትኩረት ደግሜ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ጥርጣሬ እሰናበትዎታለሁ።

ኦፓል ሃስኪንስ
አድራሻ፦ አሁንም እዚያው

ማስታወሻ፦ አቶ ቨርነን በዚህ ሳምንት ከመጡ እባክዎ በሩን ቀስ ብለው እንዲያንኳኩ ይንገሯቸው፤ ተራው የእናትዎ የወይዘሮ ኢሞጂን ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው በከዘራቸው መጥተው ሁለት ሳምንት ተመዘገቡ። “ልጅዎ ይቀየምዎት ይሆናል እኮ” ብዬ ብደውልላቸው፣ “መቁጠር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እንደገና ከአንድ ይጀምር በዪው” አሉኝ።