ስለ አንድ የኋላ ጎማና ስለ ሦስት ሐሙሶች

ለክቡር የቤት ለቤት ሕክምና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
በእርስዎም በኩል ለተከበረው የንብረት ጥገና ውሳኔ ኮሚቴ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በጥልቅ እንቅልፍና በሚገባ በተነፉ አራት ጎማዎች ላይ ሆነው እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ በጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር ቆሜ ሳለ፣ የንብረት ክፍሉ ሹም በራቸው ገርበብ እንዳለ ለባልደረባቸው «ኧረ ባክህ፣ ጎማ እኮ ነው፤ ሰው አልሞተም!» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የሰማሁትን ከመንቀፌ በፊት እውነት መሆኑን ማጣራት ልማዴ ነው። አጣራሁ። ሹሙ አልዋሹም። ነገሩን የተናገሩት ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ዕለት በእርግጥም ማንም አልሞተም ነበር። እህቴ ያረፈችው ቅዳሜ ነው።

ጉዳዩን ከስሩ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ታላቅ እህቴ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታ ያሳደገችኝ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ሰፈሩ «መርፌዋ» ይላታል፣ ለእጇ ብቻ ሳይሆን ለምላሷም ጭምር የወጣ ስም ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሕመሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ አልጋ ላይ ጣላት። ሆስፒታሉ ሊያድናት እንደማይችል ከነገረን በኋላ የቀረላት ነገር ቢኖር ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የምትወጋው የሕመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱን መያዝም መውጋትም የተፈቀደላት የጽሕፈት ቤትዎ ነርስ ብቻ ናት፤ ሲስተር ደግሞ አሥራ አንድ ሕመምተኞቿን የምታዳርሰው ጽሕፈት ቤቱ በሰጣት ብስክሌት ነው። የእኛ ቤት ከውሃ ማጠራቀሚያው በላይ፣ መኪና በማይወጣው ዳገት ጫፍ ላይ ያለ የመጨረሻው ቤት በመሆኑ፣ ያለ ብስክሌት ሁለት ሰዓት የሚባል ነገር የለም። እህቴ እንደምትሞት ታውቅ ነበር። የጠየቀችው ሳትጮኽ እንድትሞት ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ያልተሰጠውን ነገር ለማንበብ እንደሚቸገር ተምሬያለሁና።

አንደኛ፣ ስለ መመሪያው አንቀጽ አሥራ አራት አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሲስተር ከቤታችን ወጥታ ቁልቁለቱን እንደ ጀመረች የኋላው ጎማ ተነፈሰባት። ብስክሌቱን እየገፋች ድልድዩ አጠገብ ወዳለው ጎሚስታ ወሰደችው። ጎሚስታው የውስጡን ጎማ አውጥቶ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ በጣቱ ያዘ፣ ሞረደ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ ለጠፈ፣ ነፋ፤ ሲስተር የሰጣትን ውሃ ጠጥታ ሳትጨርስ «በይ ሂጂ፤ ሌላው ቦታ ይፈነዳ እንደሆነ እንጂ ይቺ ልጣፍ እኔንም ትቀብረኛለች» ብሎ ሸኛት። ይህ ከባድ ጥፋት መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። አንቀጽ አሥራ አራት እንደሚለው የተበሳ ጎማ ይጠገን ወይስ ይለወጥ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴውም ከመወሰኑ በፊት ቀዳዳውን በዓይኑ ማየት አለበት። ረቡዕ በተደረገው የንብረት ፍተሻ ልጣፉ ተገኘ፤ ብስክሌቱ ታሸገ፤ ሲስተርም «የመንግሥትን ንብረት ያለ ፈቃድ በማሻሻል» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ዓረፍተ ነገር አርሜያለሁ፤ ይህ ግን ምንም የሚታረም ነገር የለውም፤ እንዲሁ እንዳለ ሊታተም የሚገባው ነው።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው በመጀመሪያው ሐሙስ ተሰብስቦ «ቀዳዳው ይታይ ዘንድ ልጣፉ ይነሳ» ብሎ በሙሉ ድምፅ ስለ ወሰነ አመሰግናለሁ። ጎሚስታው ለዚሁ ሥራ ቢጠራ «ጌቶቼ፣ እኔ ጎማ እለጥፋለሁ እንጂ አልገሸልጥም፤ የዳነ ቁስል ቀዳችሁ ልታዩ ነው እንዴ?» ብሎ ሳፋውን ይዞ ሄደ። ስለዚህ ሥራው ለግቢው ጥበቃ ተሰጠ። ጥበቃው የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው በመሆኑ በካቻቪቴ ሲታገል ቆይቶ ልጣፉን ከነሥጋው አነሳው። የጤፍ ፍሬ የምታህለው ቀዳዳ የጣት ርዝመት አከለች። በዚህም ኮሚቴው በመጨረሻ የሚያየው ነገር አገኘ።

ሦስተኛ፣ በሁለተኛው ሐሙስ ስለ ታየው የሐሳብ ብስለት አመሰግናለሁ። ሲስተር ባሳየችኝ የቃለ ጉባኤ ግልባጭ እንዳነበብኩት፣ ከፊሉ አባል ይለጠፍ አለ፤ ከፊሉ እንዲህ ያለ ቅድ ስለማይለጠፍ ይለወጥ አለ፤ አንድ አባል ግን በነርሷ ሪፖርት ላይ የተጠቀሰችው ትንሽ ቀዳዳና ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ትልቅ ቅድ ስለማይመሳሰሉ፣ ትንሿ ቀዳዳ የት እንደ ደረሰች ሳይጣራ ወደ ውሳኔ መግባት አይቻልም ብለው ስብሰባውን አሳደሩት። እኚህን ሰው ዝም ብዬ አከብራቸዋለሁ። እህቴን «ከእንግዲህ የምንጠግነው ነገር የለም» ብለው ለመወሰን ሦስት ሐኪሞች የፈጀባቸው ሩብ ሰዓት ነበር፤ ቃለ ጉባኤም አልያዙም።

ይህን ለእትዬ ሳነብላት በሕመሟ መሃል ሳቀች። «አርባ ዓመት ሰፋሁ፤ ቀዳዳ ስላገኘሁበት የጣልኩት ልብስ የለም» አለች፤ «የሚጣለው ጨርቁ ራሱ ክር መያዝ ሲያቅተው ነው። በል እንደኔ ያለውን ማለቴ ነው፤ ዓይንህን አታፍጥብኝ።» ብስክሌቱ ከታሸገ ወዲህ ሲስተር በእግሯ እየመጣች የምትደርሰው አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። አንድ ቀን ጉልበቷን ይዛ ደፍ ላይ ቁጭ እንዳለች «እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ከእርስዎ ልጀምርና ወደ ታች ልውረድ» ብትላት፣ እትዬ «ታች ያሉት ሕመማቸው ጥጥ ነው እንዴ? በተራሽ ነይ፤ እኔ ጥርስ አለኝ» ብላ መለሰቻት። ጥርስ ነበራት። ትራሷን ስናጥበው የነከሰችበት ቦታ ሁሉ ተበሳስቶ ነበር። እሱን ራሷ ልትጥፈው ፈልጋ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ስላላት ተወችው።

አራተኛ፣ በሦስተኛው ሐሙስ ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ስብሰባ አልነበረም። ኮሪደር ቆሜ የነበርኩት ያን ዕለት ነው፤ ልለምን ነበር የመጣሁት። ማን እንደቀረ አልጠየቅኩም። ሰው ነው፣ ይቀራል።

አምስተኛ፣ ስለ ቅዳሜ። ይህን ቁጥር ዝም ብዬ ልዘለው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቁጥር መዝለል በጽሕፈት ቤትዎ ጥርጣሬ እንደሚያስነሳ ስለማውቅ ሞላሁት።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ትለኝ ጀመር። ሲስተር የምትደርሰው ከረፈደ መሆኑን ስለማውቅ፣ ከአልጋዋ ትይዩ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት ባትሪውን አውጥቼ አንድ ከሃምሳ ላይ አቆምኩት፤ «አሥር ደቂቃ ብቻ ቀርቷል፣ እትዬ» እያልኩ ለመቆየት። አራተኛውን አሥር ደቂቃ ስነግራት «ሰዓቱን ያቆምከው አንተ ነህ» አለችኝ፤ «ልጅም ሆነህ ውሸት አይሆንልህም ነበር፤ ና እጄን ያዝ፣ እሱ ይበቃል።» አልበቃም። ከዚያ በኋላ ያወጣችው ድምፅ የቃል ቅርጽ ስላልነበረው ልጽፍልዎ አልችልም። ጎረቤቶቻችን ጨዋዎች ናቸው፤ መስኮታቸውን አንድ በአንድ ዘጉ። ያረፈችው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሲስተር የደረሰችው ስድስት ከሩብ ላይ፣ የተገነጠለ የጫማ ሶሏን በእጇ ይዛ፣ እየሮጠች ነው። በሩ ላይ ፊቴን አየች። ገብታ የእህቴን አፍ ዘጋች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ከዚያም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያልተወጋውን መድኃኒት «ተመላሽ» ብላ በቅጽ ሞላች፤ ይህን ባታደርግ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይጠብቃት ነበርና።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ውሳኔው። ኮሚቴው ሰኞ ዕለት ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ ጎማው «ይለጠፍ» ብሎ ወስኗል። ስለ አስቸኳይነቱ አመሰግናለሁ። ጎሚስታው የጣት ርዝመት ያለውን ቅድ ዘርግቶ አይቶ «ይሄማ አልቋል፤ አሁን የሚለጠፍበት ሥጋ የለውም» ማለቱን ለቃለ ጉባኤው ማሟያ ይሆን ዘንድ አያይዤ አቀርባለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እህቴን ጎማው ገደላት አልልም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካለ እኔ ራሴ አርመዋለሁ። መሞቷ አይቀርም ነበር። የቀረው ሳትጮኽ መሞቷ ነው፤ እሱን መከልከል በእርስዎ እጅ ነበር፣ ከለከሉትም። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ከዳገቱ ሥር ገና አሥር ሕመምተኞች አሉ። ቀዳዳውን ማየት ከፈለጉ ብስክሌቱ አዲስ ጎማ ገብቶለት፣ ሲስተርም ተሳፍራበት፣ ዙሯን ከጨረሰች በኋላ ቢታይ ቀዳዳው የሚሄድበት የለም።

ለሰብሳቢው የማይነቃነቅ ወንበር፣ ለአባላቱ የተሟላ ምልዓተ ጉባኤ፣ ለእርስዎም በመጨረሻው ቀን በሰዓቱ የሚደርስ ሰው እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ሦስት ሐሙስ የሚያህል ይቅርታ ጠይቄ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የሟቿ ታናሽ ወንድም፣
ጡረተኛ አራሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በውሳኔው ቅጽ ላይ «ጉዳቱን ያደረሰው» በሚለው መስመር «አልታወቀም» ተብሎ ተሞልቷል። ያልተሟላ ቅጽ ሳይ እጄን ስለሚበላኝ ላሟላው። ጎሚስታው ከጎማው የነቀላትን ሚስማር በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጧት ኖሮ ከቀብሩ በኋላ ሰጠኝ፤ ቆቧ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ያልዛገ የቆርቆሮ ሚስማር ናት። ዝናብ እህቴ አልጋ ላይ እንዳይንጠባጠብ ብዬ የቤታችንን ጣሪያ ያስመታሁት ጎማው ከተነፈሰበት ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። በዚያ ዳገት ላይ በዚህ ዓመት ጣሪያ ያሠራ ሌላ ሰው የለም።